ዕጣ ያልወጣልን ባልና ሚስት

ይህ የሆነው ካቻምና ነው፤ ከፋሲካ ማግስት እስከ ክረምቱ መግቢያ ባለው ጊዜ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አልፏል፤ ብቻዬን አውቶቡስ የተሳፈርኩባትን ያችን ጠዋት ግን አልረሳትም። ሰው ፊት መናገር የማልችል፣ እንግዳ ሲመጣ ከጓዳ የማልወጣ ሴት ነበርኩ። አሁንም ብዙ አልተለወጥኩም። በአፌ ከማወራው መጻፉ ስለሚቀለኝ ነው ብዕር ያነሳሁት። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለሆነ ስህተት ያገኘ አንባቢ ይለፈኝ።

ቤታችን ሲማዳ ነው፤ ከወገዳ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ። ባለቤቴ ቄስ ነው፣ ቄስ አዳነ ይባላል፤ እኔ ስመኝ እባላለሁ። በሰው ፊት "አንቱ" እለዋለሁ፤ ቤት ስንገባ "አንተ" ነው። ይቀድሳል፣ ያርሳል፤ ገብስና ባቄላ እንዘራለን። ስንጋባ እሱ ዲያቆን ነበር፤ እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ከአምስት ዓመት በላይ ልጅ ሳናይ ቀረን።

በእኛ አገር ልጅ ሲዘገይ ጣት የሚቀሰረው ወደ ሴቷ ነው። ባሏ ሌላ ገበሬ ቢሆን "ፍታትና ሌላ አግባ" ይሉታል። ቄስ ግን ይህን አያደርግም። ሚስቱን ፈቶ ሌላ ያገባ ቄስ ክህነቱ ይፈርሳል፣ መቅደስ መግባት አይችልም። ስለዚህ እኔ ሁለት ጊዜ ነበር የምወቀሰው። አንዴ ስላልወለድኩ፣ አንዴ ደግሞ ባሌ ሊፈታኝ ስላልቻለ። አማቴ፣ "እማዋ" ነው የምላት፣ አንድ ቀን ከጎረቤቶቿ ጋር ጌሾ ሲወቅጡ፣ ከበሩ ጀርባ መኖሬን እያወቀች፣

"ይቺስ ልጄን በጥምጣሙ አሰረችው" አለች።

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ የያዝኩትን ውሃ አስቀምጬ በጓሮ በኩል ወጣሁ።

ያልተጠመቅንበት ጸበል፣ ያልተሳልንበት ደብር የለም። ባለቤቴ አንድም ቀን ክፉ አልተናገረኝም። ግን የሰው ልጅ ክርስትና ሲያነሳ ሕፃኑን ለእናቱ ለመመለስ እየዘገየ ሲሄድ አየው ነበር።

አንድ ቀን የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ለሌላ ጉዳይ ቤታችን መጣች። ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ቆመችና ድምፅዋን ቀንሳ፣ "ከተማ ትልቁ ሆስፒታል ውስጥ ጥናት አለ" አለችኝ። "ልጅ የዘገየባቸው ሰዎች ሕክምና እንዴት የተሻለ ይሆናል ብለው ነው የሚያጠኑት። ያክማሉም። ግን ባልም ይመረመራል። ባል ካልመጣ አይቀበሉም።"

"ባልም?" አልኳት።

"ባልም። ልጅ የሚመጣው ከአንድ ሰው ነው እንዴ?"

ይህን ለቄስ እንዴት ይነገራል ብዬ ስጨነቅ ሰነበትኩ። በመጨረሻ ቀንበር ሲጠግን አጠገቡ ተቀምጬ ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። መጥረቢያውን አስቀምጦ ትንሽ አሰበና፣ "ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበር። ከፋሲካ በኋላ እንሄዳለን" አለ።

እንዳለውም ፋሲካ አልፎ የሰሞነኛነት ተራውን ቀድሶ እንደጨረሰ፣ መንገዱ ክፍት መሆኑን ጠይቀን ከወገዳ ተሳፈርን። መካነ ኢየሱስ አድረን በማግስቱ ከተማ ገባን።

የተቀበለችን ነርስ የጎረቤታችን የጋይንት ልጅ ናት። እዚህ ሲስተር ሰናይት ልበላት፤ እውነተኛ ስሟ አይደለም። እኔን መርምረው ሲጨርሱ ወደ ባለቤቴ ዞረች።

"አባ፣ አሁን ደግሞ የእርስዎን ዘር እናያለን። ከባለቤትዎ ጋር ከተገናኛችሁ ስንት ቀን ሆነ?"

ባለቤቴ ጥምጣሙን አስተካከለ። "ከዘወረደ በፊት ነው" አለ።

"ዓቢይ ጾሙን በሙሉ?"

"ጾም አይደል እንዴ!"

"እሺ፣ ከፋሲካ ወዲህስ?"

"ሰሞነኛ ነበርኩ። ቀዳሽ ነኝ እኮ፣ ልጄ።"

ሲስተር አፏን በእጇ ያዘች። "አባ፣ ለምርመራው የምንፈልገው ጥቂት ቀን ብቻ የቆየ ነው። ይኼ እኮ ከረመ።"

"የከረመ ይበላሻል?" ብሎ ከልቡ ጠየቃት።

"የባቄላ ዘር እንኳ ሲከርም መብቀሉ ይደክማል አይደል?"

"እሱስ እውነት ነው" አለ። የሱ ፊት ምንም አልመሰለም፤ እኔ ግን ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ስቤ ከግድግዳው ጋር ልጣበቅ ምንም አልቀረኝም። ከተማ ዘመድ ቤት ጥቂት ቀን አርፈን ወደ ሆስፒታሉ ተመለስን። ሌላው ወንድ ብቻውን የሚያደርገውን ነገር ካህን እንደማያደርገው ሲስተር ራሷ አስባበት ለሁለታችን አንድ ክፍል ከፈተችልን። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ ሁለታችንንም አስቀምጦ ነገረን። ለስላሳ ድምፅ ያለው ወጣት ሰው ነው። የእኔ እንቁላል በየወሩ በጊዜው አይወጣም። የባለቤቴ ዘር ደግሞ ቁጥሩ ያነሰ፣ ጉልበቱም የደከመ ነው። "ከሁለታችሁም ትንሽ ትንሽ ነው" አለ። "ሁለቱም ይታከማል።"

"ከሁለታችሁም" የምትለዋ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረች። ያን ቀን አለቀስኩ። ሐዘን ግን አልነበረም። ባለቤቴም ቤት እንደገባን ለእናቱ፣ "እማ፣ ከእኔም ነው" አላት። እማዋ እጇን አወናጭፋ፣ "ወግድ! ሐኪም ምን ያውቃል!" ብላ ወጣች።

ግንቦት ላይ ለሕክምናው ተመልሰን ሄድን። ነገሩ የተበላሸው ያን ቀን ነው።

ሐኪሙ ጥናቱን አስረዳን። ሁሉም ባልና ሚስት የተለመደውን ሕክምና ያገኛሉ። ግማሾቹ ግን ከዚያ በላይ አንድ ተጨማሪ ክኒን ይወስዳሉ። ክኒኑ ይጥቀም አይጥቀም ገና አይታወቅም፤ የሚጠናውም እሱ ነው። ማን ይውሰድ የሚለው በዕጣ ይለያል። ፈቃዳችንን ጠየቀ፤ ፈቅደን ፈረምን። ገብቶን ነበር ብዬ አምን ነበር። አሁን ሳስበው ግን ሁለታችንም በደንብ የሰማናት ቃል አንዷን ብቻ ነበር፤ "ዕጣ" የምትለዋን።

ከእኛ በፊት ተራ የደረሳቸው ከጋይንት፣ ከአርብ ገበያ የመጡ ገበሬና ሚስቱ ነበሩ። ሴትዮዋ አንጓች ትባላለች። ሲስተር የታሸገ ፖስታ ቀዳ ስታወጣ "ተጨማሪው" የሚል ሆነ። አንጓች እልልታዋን አቀለጠችው። ባሏ ተንበርክኮ ወለሉን ሳመ።

"ኧረ ቀስ! ሆስፒታል ነው!" አለች ሲስተር እየሳቀች።

የእኛ ፖስታ ተቀደደ። "የተለመደው ሕክምና" ይላል።

ባለቤቴ አማተበ። "ይሁን፤ ስምህ ይመስገን" አለና የሰጡንን መድኃኒት ተቀብሎ ወጣ።

መካነ ኢየሱስ ደርሰን አልጋ ይዘን ስንቀመጥ ነው የተናገረው።

"ስመኝ፣ ተነግሮናል።"

"ምኑ?"

"ስንት ዓመት የለመንነው ነገር መልሱ። ዕጣው አልወጣልንም።"

ይህን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። በእኛ ደብር ሰው ሊወስነው የሚከብደው ነገር በዕጣ ነው የሚወሰን። ሱባኤ ይያዛል፣ ስሙ በወረቀት ተጽፎ መንበሩ ላይ ያድራል፣ ከቅዳሴ በኋላ ይወጣል። ከወጣ በኋላ የሚከራከር የለም፤ የተናገረው እግዚአብሔር ነውና። በዚያው ዓመት የደብራችን ገበዝ የተመረጠው እንዲህ ነበር። ባለቤቴ ስሙ ገብቶ ነበር፤ ገበዝነቱን በጣም ፈልጎታል። ዕጣው ለሽማግሌው ለአባ ተገኝ ወጣ። እሱ ወዲያው ተነስቶ የሽማግሌውን ጉልበት ሳመ። ከዚያ ቀን ወዲያ ስለ ገበዝነት ሲያነሳ ሰምቼው አላውቅም።

የሆስፒታሉንም ዕጣ የተቀበለው እንደዚያው ነው። መድኃኒቱን አልጣለውም። ድሮ ዳዊት ይይዝበት የነበረ ባዶ የቆዳ ማኅደር አለው። እዚያ ውስጥ ከተተና ግድግዳ ላይ ሰቀለው። የእኔንም የሱንም።

እማዋ ነገሩን ስትሰማ ውላ አላደረችም። ባለቤቴና እኔ እራት ቀርቦልን ተቀምጠን ሳለ በዓይኗ እንኳ ሳታየኝ ለልጇ ተናገረች።

"አምላክ ከቆረጠው በኋላ ምን ትጠብቃለህ? ክህነቱን ተወው። ወንድ ነህ፣ አራሽ ነህ፣ በእርሻህ ትኖራለህ። ሌላ አግባና ዘር ተካ። አባትህ አጥንቱ ይረፍ።"

እሱ እንደ ወትሮው "ተይ እማ" አላለም። ተነስቶ በሬዎቹን ሊያይ ወጣ።

ያ ዝምታ ከስድቡ ሁሉ በለጠብኝ። በቀጣዩ እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ የቤተ ክርስቲያኑን በር ሲሳለም ከሴቶች በኩል ሆኜ አየሁት። ግንባሩን ከእንጨቱ ላይ ለረጅም ጊዜ አላነሳም። የሚሰናበት መሰለኝ። ያን ጊዜ የያዘኝን ፍርሃት እስከዛሬ አስታውሳለሁ። እኔን ቢፈታ መቅደሱን ያጣል። እኔን ቢያስቀር ደግሞ ልጅ የሚለውን ነገር ከእኔ ጋር ይቀብራል። ማኅደሩ እዚያ ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ እያለ ሦስተኛ መንገድ አልነበረም።

እውነቱን ለመናገር እኔም ግማሽ ልቤ አምኖ ነበር። ግን አንድ ነገር ይከነክነኝ ጀመር። ዕጣ ያልወጣለትን ሰው ለምን መድኃኒት አሸክመው ይልኩታል? ለምንስ "በሰኔ ተመለሱ" ብለው ቀጠሮ ይሰጡታል? የተፈረደበትን ሰው ማን ይቀጥራል?

ቀጠሮው ሲቃረብ ባለቤቴን እርሻ ላይ አገኘሁት። ለባቄላ እያረሰ ነው።

"እኔ በቀጠሮው እሄዳለሁ" አልኩት።

"ምን ልታደርጊ?"

"ልጠይቅ።"

"ማንን?"

"ዕጣውን የጣሉትን።"

በሬዎቹን አቆመና ዞሮ አየኝ። "ብቻሽን?"

"ብቻዬን።"

አልከለከለኝም። በማግስቱ እስከ ወገዳ ሸኘኝ። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል መስቀሉን አሳለመኝና ምንም ሳይል ቆሞ ቀረ።

ከዚያ በፊት ብቻዬን ከወገዳ አልፌ አላውቅም። በመስኮቱ በኩል ጭቃውን እያየሁ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ። ረዳቱ ሒሳብ ሊቀበል ሲመጣ ፊቴን ነጠላዬ ውስጥ ቀበርኩት።

"እህቴ፣ ቀና በይ እንጂ! ሒሳቡን ከነጠላሽ ልቀበል?" አለ። ተሳፋሪው ሳቀ።

አጠገቤ የተቀመጡ አሮጊት ዞር ብለው፣ "አንት አፈ ሰፊ፣ ተዋት! ያንተ እህት ብትሆን ትወዳለህ?" አሉት። ከዚያ ለእኔ ቀስ ብለው፣ "ወዴት ነሽ ልጄ?" አሉኝ። ሐኪም ቤት አልኳቸው። ምን ሆንሽ አላሉኝም። መካነ ኢየሱስ ሲወርዱ፣ "ስትደርሺ ዝም እንዳትይ። እነሱ ካልነገሯቸው አያውቁም" ብለውኝ ወረዱ። ስማቸውን አልጠየቅኳቸውም። እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ሆስፒታል ስደርስ ሲስተር ሰናይት በፈገግታ ተቀበለችኝ።

"አባስ? ደህና ናቸው?"

"ደህና ናቸው።"

"መድኃኒቱን እየወሰዳችሁ ነው አይደል?"

"አዎ" ልል ነበር። ለማንም ሰው "አዎ" እና "እሺ" ማለት ነው የለመድኩት። የአሮጊቷ ቃል ትዝ አለኝ።

"የለም" አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

"ምን አልሽ?"

"አልወሰድንም። ሲስተር፣ ዕጣ ላልወጣለት ሰው መድኃኒቱ ምን ያደርግለታል?"

መጀመሪያ አልገባትም። እኔም እየተንተባተብኩ ስለ ሱባኤው፣ ስለ መንበሩ፣ ስለ ማኅደሩ ነገርኳት። ፊቷ እየተለወጠ ሄደ። የጋይንት ልጅ ናት አላልኩም? "ወይኔ!" ብላ ተነሳችና ሐኪሙን ጠርታ መጣች። "ለእሱም ድገሚለት" አለችኝ። ወንድ ፊት፣ ሐኪም ፊት! ሁሉንም ደገምኩት።

ሐኪሙ አልሳቀም። ወንበር ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

"እህቴ፣ ዕጣ ለምን እንደምንጥል ልንገርሽ" አለ። "እኔ ብመርጥ ኖሮ ለሚያሳዝነኝ ሰው እሰጥ ነበር። አንቺን አይቼ አንጀቴ ቢበላ ላንቺ እሰጣለሁ። ለወጣቶቹ እሰጣለሁ። ከሩቅ ለመጡት እሰጣለሁ። በመጨረሻ የወለዱት በክኒኑ ይሁን፣ ወጣት ስለሆኑ ይሁን፣ ማወቅ አልችልም። ዕጣው እኔ እንዳላዳላ እጄን የሚይዝ ነገር ነው።"

"ታዲያ ለእኛ ያልወጣልን ምንድን ነው?"

"አንድ ክኒን። እሱም የሚጠቅም ይሁን ወይም ዝም ብሎ ሆድ የሚያሳምም ይሁን እኔም ገና አላውቅም። ባውቅማ ለሁሉም እሰጥ ነበር። ዕጣው የተጣለው ስለ ክኒን ነው፤ ስለ ልጅ ዕጣ አልጣልንም። እኛ ማን ነን?"

ከዚያ እጆቹን ሁለት ሳህን አስመስሎ ዘረጋ። "ገበያ ላይ ሚዛን አይተሻል? ቅቤው አንደኛው ሳህን ላይ ነው። ሌላኛው ሳህን ላይ ምንም ካልተቀመጠ ቅቤው ይክበድ ይቅለል ማን ያውቃል? እናንተ በዚያኛው ሳህን ላይ ናችሁ። እናንተ ከሄዳችሁ የአንጓችም ክኒን አይመዘንም።"

እንዲህ ያለ ነገር ሰው ነግሮኝ አያውቅም። እኔ ለማንም የማልጠቅም፣ ሰው በጥምጣሙ ያሰርኩ ሴት ነበርኩ። አሁን አንድ ሐኪም ያለ አንቺ አይሆንልኝም አለኝ።

"ስልክ ልደውልላቸውና እኔ ላስረዳቸው?" አለኝ።

"አይሆንም" አልኩት። "እኔ እነግረዋለሁ።"

ይህን ያልኩት እኔ መሆኔን ከበሩ ከወጣሁ በኋላ ነው ያመንኩት።

ቤት የደረስኩት ዝናብ እየዘነበ ነው። ባለቤቴ ከእርሻ ገብቶ እግሩን ታጥቧል፤ እማዋ የባቄላ ዘር ትለቅማለች። ብቻችንን እስክንሆን ልጠብቅ ብዬ ነበር፤ ብጠብቅ ግን ድፍረቴ እንደሚጠፋ አወቅሁ። ነጠላዬን ሳላወልቅ ቆሜ ጀመርኩ።

"አባ ተገኝ ገበዝ የሆኑበት ዕጣ ሲወጣ አንተ ምን ቀረብህ?"

ቀና አለ። "ገበዝነቱ ነዋ።"

"ክህነትህስ?"

"ክህነቴን ምን አመጣው? ዕጣው የተጣለው በገበዝነቱ ላይ ነው።"

"በሳምንቱ አልቀደስክም?"

"ቀድሻለሁ እንጂ!"

"ይኸኛውም የተጣለው በአንድ ክኒን ላይ ነው" አልኩት። "ያልደረሰን ያ ክኒን ብቻ ነው። በልጅ ላይ ዕጣ የጣለ ሰው የለም። ሐኪሙ በአፉ ነግሮኛል። የእኛ ቅዳሴ ሕክምናው ነው፤ እሱ አልተከለከለብንም፤ አንተ ነህ በሩን የዘጋኸው።"

የመጨረሻዋን ቃል ከየት እንዳመጣኋት አላውቅም። እማዋ የያዘችውን ባቄላ ሰፌዱ ላይ ጣለችው።

"አሁንስ አፍ አወጣች! ቄስ ታስተምሪ ጀመር?"

ባለቤቴ ዓይኑን ወደ ጣሪያው ሰቀለ። ይህኛው ግን የእራቱ ዓይነት ዝምታ አልነበረም። ቅኔ ሲፈታ እንዲህ ነው። ቆይቶ ከትከት ብሎ ሳቀ።

"እማ፣ እውነቷን ነው" አለ። "እኔ ገበዝነቱን ስላጣሁ ጥምጣሜን አውልቄ እንደመሄድ ነው የሆንኩት።"

ተነሳና ማኅደሩን ከግድግዳው አወረደ። የራሱን መድኃኒት አውጥቶ መዳፉ ላይ አደረገ። ከዚያ እኔን ሳይሆን እናቱን አያት።

"እማ፣ እስቲ ውሃ ስጪኝ።"

እማዋ ጉልበቷን ይዛ ተነስታ ከእንስራው በጣሳ ቀዳችና ሰጠችው። ሲውጥ ቆማ አየችው። ጣሳውን ስትቀበለው፣ "አንቺስ? ያንቺን አትውጪም?" አለችኝ። በዚያ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ስለ እኔ የጠየቀችኝ የመጀመሪያዋ ጥያቄ ይህች ናት። የእኔ የሚጀመረው የወር አበባዬ ሲመጣ ነው ለማለት አፍሬ "ቀኑ ሲደርስ" አልኳት።

ክረምቱን ጭቃውም መንገዱም እንደፈቀደልን እየተመላለስን ታከምን። ከዚያ በኋላ ባለቤቴ ተራ ስንጠብቅ አግዳሚው ወንበር ላይ ዝም ብሎ አይቀመጥም። አዲስ የመጣ ገበሬ ሲያገኝ፣ "ስማኝ ወንድሜ፣ የዚህ ቤት ዕጣ እንደኛ ቤት ዕጣ አይደለም" ብሎ ይጀምራል። እኔ ፊቴን አዞራለሁ፤ ግን ጆሮዬ እዚያው ነው።

አንድ ቀን አንጓችን ኮሪደሩ ውስጥ ብቻዋን ስታለቅስ አገኘኋት። እልል ያለችው አንጓች! ወራት አልፎ ምንም ስላልመጣ ባሏ ተስፋ ቆርጧል። "ዕጣው ወጥቶልን! እግዜር ሰጥቻለሁ ብሎን መልሶ ነሳን። ምን ብንበድለው ነው?" አለችኝ።

ለካ እሷም የእኛን ስህተት ነበር የተሳሳተችው፤ እኛ ያልወጣልንን እንደ ፍርድ፣ እሷ የወጣላትን እንደ ቃል ኪዳን ወስደነው። አጠገቧ ተቀመጥኩ። እኔ፣ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የምገባው፣ የማላውቃትን ሴት እጅ ይዤ ስለ ክኒኑ፣ ስለ ሚዛኑ፣ ስለ ሁለቱ ሳህኖች አወራኋት። "እግዜር ገና ምንም አልመለሰም፤ የወሰዳችሁት አንድ ክኒን ነው። ከሕክምናው አትውጡ" አልኳት። እንባዋን ጠርጋ፣ "አንቺ መምህርት ነሽ እንዴ?" አለችኝ። ሳቄ መጣ።

ከዚያ ወዲህ ሲስተር ሰናይት ፖስታውን ሳትቀድ በፊት ለእያንዳንዱ ባልና ሚስት፣ "ይህ ዕጣ ስለ ክኒን ነው፤ ስለ ልጅ አይደለም። እስቲ እናንተ መልሳችሁ ንገሩኝ" ትላለች። በሩ ገርበብ ብሎ ሳለ ከውጭ ሆኜ ሰማኋት። ያን ቀን እየተራመድኩ ነው ወይስ እየበረርኩ አላውቅም።

ይህን ስጽፍ የእርግዝናዬን ስድስተኛ ወር ይዣለሁ። እማዋ ውሃ መቅዳት ከልክላኛለች። እንስራውን ሳነሳ ካየችኝ እንደ ድሮው ትጮሃለች፤ ጩኸቱ ግን ሌላ ነው። ባለቤቴ ባለፈው አንድ ሕፃን ክርስትና አንስቶ ወዲያው ለእናቱ መለሰላት። አንጓች ገና ነች፤ እየታከመች ነው፤ እንደዋወላለን።

መጽነሴን ስነግረው ሐኪሙን "ምኑ ነው የረዳን?" አልኩት። መድኃኒቱ ይሁን፣ ጸበሉ ይሁን፣ ጊዜው ይሁን በአንድ ቤት ብቻ አይታወቅም፤ ለዚህ ነው ብዙ ባልና ሚስት የሚያስፈልገው አለኝ። ጥናቱ ገና አላለቀም። ያ ተጨማሪ ክኒን ይጠቅም አይጠቅም እስከዛሬ የሚያውቅ የለም።

በሰላም ወልጄ ብስም ባልስምም ግን አንድ ነገር የእኔ ነው። ያን ጠዋት ብቻዬን ተሳፍሬ ሄጃለሁ፤ "የለም" ብያለሁ፤ ተመልሼም ቄስ ባሌ ፊት ቆሜ ተናግሬያለሁ። ወደፊት ከጋይንት፣ ከእስቴ፣ ከሲማዳ የሚሄዱ ባልና ሚስት ሐኪሙ "ይህ ይሻላችኋል" ሲላቸው ከየት እንዳወቀው አይጠይቁት ይሆናል። እኔ ግን አውቃለሁ። ያ ሚዛን ሲነሳ በአንደኛው ሳህን ላይ እኔና ቄስ አዳነ ተቀምጠን ነበር።